የእውቅና ገምጋሚዎች ሲመጡ ሠራተኛውን እንዴት እናዘጋጅ?

ሰላም እህቴ። ጅማ ያለው ትምህርት ክፍላችሁ በሁለት ወር ውስጥ የትምህርቱን ጥራት የሚመዝኑ የእውቅና ገምጋሚዎች እንደሚመጡበት ገልጸሽ ሠራተኛውን ምን ላስጠና ብለሻል። እባክሽ ምንም አታስጠኚ። እኔ በነበርኩበት ተቋም አስጠንተውን ነበር። አምስት መምህራን የተቋሙን ተልዕኮ ቃል በቃል አንድ ዓይነት አድርገን ስንወጣው ገምጋሚዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እሺ፣ ባለፈው ሴሚስተር ከተማሪዎች አስተያየት ተነስታችሁ ምን ቀየራችሁ?» አለች። ሁላችንም ዝም።

ከራስ ግምገማ ሰነዱ ጀምሪ፤ ትምህርት ክፍሉ ስለ ራሱ የጻፈውን ማለቴ ነው። ገምጋሚዎቹ የሚመጡት እዚያ የተጻፈው መሬት ላይ መኖሩን ሊያዩ ነው። እያንዳንዱ ሰው የሚመለከተውን ክፍል ያንብብ፤ ማስረጃውም የትኛው ፋይል ውስጥ እንዳለ ያሳይሽ። ቃለ ጉባኤ፣ የታረመ ፈተና፣ የተማሪዎች አስተያየት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከሆናችሁ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ትልቅ ሀብታችሁ ነው፤ ተማሪዎቹ ማኅበረሰቡ ውስጥ ገብተው የሠሩትን ሪፖርት አውጡት።

የላብራቶሪ ቴክኒሻኖችንና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችን ደግሞ አደራ። እነሱም ይጠየቃሉ፣ ብዙ ጊዜ ግን ስብሰባ እንኳን አይጠሩም። ድክመታችሁን አትደብቁ፤ ከማሻሻያ ዕቅዱ ጋር አቅርቡት። ሳምንት ሲቀረው ከሌላ ትምህርት ክፍል ሰው ጋብዘሽ እንደ ገምጋሚ ይጠይቃችሁ።