ናፍጣ ሲጠፋ ጋዝ ያድናል ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? ደሴ ውስጥ ትንሽ ሆቴል አለን። ሙቅ ውሃው የሚመጣው ከናፍጣ ቦይለር ነው። ናፍጣ በጠፋ ቁጥር ጠዋት ጠዋት እንግዳ ይጮህብናል፤ የደሴን ብርድ መቼም ታውቁታላችሁ። አሁን አንድ ነጋዴ በናፍጣም በጋዝም የሚሠራ፣ 300 ኪሎዋት የሚል በርነር (የቦይለሩን እሳት የሚያነደው መሣሪያ) አቅርቦልናል። ባለቤቴ ደግሞ “ሁለቱ ተቀላቅለው ቢፈነዱስ?” ብሎ ሰግቷል። እንግዛው?

መልስ፦ ባለቤትሽን አብሽር በይልኝ። ሁለቱ አብረው አይነዱም። ፋኑ አንድ ነው፣ የናፍጣው ኖዝል (መርጫው) እና የጋዙ መውጫ ግን ለየብቻ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትቀይሪው የነበረው እሳት ይጠፋል፣ ፋኑ ውስጡን በአየር ያጸዳል፣ ከዚያ ነው በሌላው የሚለኮሰው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ወሎ የሚደርስ የጋዝ ቧንቧ የለም፤ የካሉብ ጋዝ ያለው ሶማሌ ክልል ነው። ስለዚህ ጋዝ ሲሉሽ የሲሊንደሩን ማለታቸው ነው። ከዚህ አንድ ኪሎው 12.8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይሰጣል፣ አንድ ሊትር ናፍጣ ደግሞ 10 ገደማ። በርነሩ በ200 ኪሎዋት ብቻ ቢነድ እንኳ በሰዓት ከ15 ኪሎ በላይ ጋዝ ይበላል፤ ወጥ የምትሠሩበት 12.5 ኪሎው ሲሊንደር አንድ ሰዓት አይሞላም ማለት ነው። ያውም እስከዚያ ከቆየ! ጋዙ በፍጥነት ሲሳብ ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል፣ ውጪው አመዳይ ይይዛል፣ ግፊቱ ይወርድና በርነሩ ድርግም ይላል። ብዙ ትልልቅ ሲሊንደሮች አንድ ላይ ተያይዘው ካልሆነ አይሆንም። ማስቀመጫቸው ደግሞ ደጅ ነው፣ ምድር ቤት በፍጹም፤ ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል።

ሌላው 300 የሚለው ቁጥር ነው። እሱ የተለካው ለባሕር ጠለል ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሯ ሩብ ያህል ስስ ነው፤ ፋኑ ያው ፋን ቢሆንም የሚያስገባው ኦክስጅን ስለሚቀንስ ከ220 ብዙም አትጠብቂ። ቴክኒሻኑ ይህን ረስቶ ናፍጣውን በተጻፈው ልክ ከለቀቀው ጭሱ ይጠቁራል፣ ቦይለሩን ጥላሸት ይሞላዋል፣ ገንዘብሽም በጭስ ማውጫው ይወጣል። ነጋዴውን “ለደሴ ከፍታ ስንት ይሰጣል?” በይው። መልስ ካጣ ሌላ ነጋዴ ፈልጊ።

ብር ለመቆጠብ ከሆነ አትግዢው። ናፍጣ ለሚጠፋባቸው ቀናት መጠባበቂያ ከሆነ፣ ቦታውም ጋዝ አቅራቢውም ካለሽ፣ ግዢው። መብራት ሲሄድ ግን ፋኑም መቆጣጠሪያውም ስለሚቆሙ በሁለቱም አይሠራም። ጄኔሬተርሽ ደግሞ የሚጠጣው ያንኑ ናፍጣ ነው፣ እንግዲህ ምን ይደረግ።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው። የእኛ ባለሁለት ነዳጅ በርነር በናፍጣ ቀጥ ብሎ ይሠራል። በጋዝ ግን ይለኮስና ሴኮንዶች ቆይቶ ይጠፋል። ሪሴት ስናደርገው ያው ነው። ይህ ችግር ከመጀመሩ በፊት እሳት የሚያየውን ሴንሰር በርካሽ ቀይረን ነበር።

መልስ፦ ችግሩን ራስህ ነገርከኝ ወንድሜ። ፎቶሴል፣ ማለትም ደማቅ ብርሃን የሚያይ ሴንሰር ነው የገጠሙላችሁ። የናፍጣ እሳት ቢጫና ደማቅ ስለሆነ ፎቶሴል በደንብ ያየዋል። የጋዝ እሳት ሰማያዊ ነው፣ ለእሱ ከጨለማ አይለይም፤ መቆጣጠሪያው “እሳት የለም” ብሎ ጋዙን ይዘጋል። ለሁለቱም የሚሆነው የአልትራቫዮሌት (ዓይን የማያየውን የእሳት ጨረር የሚያይ) ሴንሰር ነው፣ ከመቆጣጠሪያው ሳጥን ጋር የሚስማማውን ግዙ። ሪሴቱን ደጋግማችሁ አትጫኑት፣ በየሙከራው ያልነደደ ጋዝ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። ፎቶሴሉን የእጅ ባትሪ እያበሩበት የሚያታልሉ አሉ፤ እንዲህ የሚያደርግ ቴክኒሻን ከመጣ ከቦይለር ክፍሉ አስወጡት፣ ምክንያቱም እሳቱ በእውነት ሲጠፋ ጋዙን የሚዘጋው ያ ሴንሰር ብቻ ነው።