ወደ ኋላ የዞረው ጣት የትኛው ነው?

ስለ ወፎች ምንቃር ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው ስለ እግር ናቸው። ደስ ብሎኛል፤ ወፍ ስናይ ዓይናችን ላባው ላይ ስለሚቀር እግሩን ልብ የሚል ጥቂት ሰው ነው።

ልጄ በቀቀን ስትስል ሁለት ጣት ወደ ፊት፣ ሁለት ወደ ኋላ አደረገች። እንደ ዶሮ ሦስትና አንድ ነው ብዬ አረምኳት። ተሳስቻለሁ?

አዎ፣ ሥዕሏን እንዳለ ይተዉላት። ሦስት ከፊት አንድ ከኋላ የአብዛኞቹ ወፎች እግር ነው፤ ድንቢጥ፣ ቁራ፣ እርግብ፣ ንስር ሁሉ እንዲያ ናቸው። በቀቀንና ግንደ ቆርቁር ግን የውጭኛውን ጣት ወደ ኋላ አዙረውታል። በቀቀን ፍሬ ይዞ ሲበላ አስተውለው ይዩት፤ ሁለት ጣት ከወዲህ፣ ሁለት ከወዲያ ሆነው እንደ ጉጠት ይይዙለታል።

የአንድ ጉጉት ሁለት ፎቶ አለኝ። በአንዱ ከፊት ሦስት ጣት ይታያል፣ በሌላው ሁለት። እንዴት ይሆናል?

ጉጉት ውጭኛውን ጣት እንደፈለገ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ማዞር ይችላል። ዓሣ የሚያድነው ኦስፕሬይም እንዲሁ ነው። ዓሣው እንዳያመልጠው ሁለት በሁለት አድርጎ ይጨብጠዋል፤ በዚያ ላይ መዳፉ ሥር ሻካራ እሾህ መሰል ቆዳ አለው።

ትሮገን የሚባለው ወፍም ሁለት በሁለት ነው። ታዲያ ከበቀቀን ጋር አንድ ዓይነት እግር አላቸው ማለት ነው?

አይደለም፤ ከሁሉም የወደድኩት ይህን ጥያቄ ነው። የወፍ ጣት ከአውራ ጣት (በዶሮ ከኋላ ካለው ጣት) ጀምሮ ከውስጥ ወደ ውጭ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ተብሎ ይቆጠራል። የትም ቢዞር ደግሞ ማንነቱን አጥንቶቹ ይናገራሉ። በአብዛኞቹ ወፎች 1ኛው ጣት 2 አጥንት፣ 2ኛው 3፣ 3ኛው 4፣ 4ኛው 5 አጥንት አለው። የዶሮ እግር ይዛችሁ ጣቶቹን እያጠፋችሁ ብትዳስሱ ትቆጥሩታላችሁ፤ የመጨረሻው አጥንት ጥፍሩን የተሸከመው ነው። በዚህ ስንለካው በበቀቀን ከአውራ ጣት ጋር ወደ ኋላ የዞረው 4ኛው ጣት ነው። በትሮገን ግን 2ኛው፣ ውስጠኛው ነው። እንዲህ ያለ እግር ያላቸው ትሮገኖች ብቻ ናቸው። ቅርንጫፍ ለመጨበጥ ሁለት የዘር ሐረጎች በየራሳቸው መንገድ ሄደው እንዲህ መመሳሰላቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አራቱም ጣት ወደ ፊት የሆነ ወፍ አለ?

አለ፤ ስዊፍት። አራቱንም ወደ ፊት አድርጎ በግድግዳና በገደል ላይ በጥፍሩ ይንጠለጠላል። ቅርንጫፍ ላይ ለመቀመጥ አይመቸውም፤ ኑሮው ግን አየር ላይ ነው፤ አንዱ ዝርያ እስከ 10 ወር ሳያርፍ ይበራል።

ሰጎን ስንት ጣት አላት?

በእያንዳንዱ እግር ሁለት፤ 3ኛውና 4ኛው ብቻ ቀርተዋል። ዛሬ በሕይወት ካሉት ወፎች ሌላ ባለ ሁለት ጣት የለም።

የዳክዬና የፔሊካን እግር አንድ ነው?

ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የዳክዬ ቆዳ የፊቶቹን ሦስት ጣቶች ብቻ ያያይዛል፤ የኋላው ትንሽ ጣት ለብቻው ነው። በፔሊካን አራቱም ጣቶች በቆዳ ተያይዘዋል።