«ቀዝቃዛ ዓይን» ያለው ሰላይ

ጥያቄ፦ «መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደሴ ነው። የስለላ ልቦለድ ጀምሬአለሁ። ሰላዩን ‹ቀዝቃዛ ዓይኖች ያሉት፣ ቄንጠኛ ሰው› ብዬ አስገባሁት። እህቴ አነበበችውና ‹ምነው፣ አሞታል እንዴ?› አለችኝ። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ? ደግሞስ ሰላይ ልበለው ወይስ ጆሮ ጠቢ?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ እህትህን አመስግናት። ልክ ብላለች።

በአማርኛ ሰው ቀዘቀዘ ሲባል ሞቅታ አጣ፣ ፈዘዘ ማለት ነው። ሰኞ ገበያ ወርደህ ነጋዴውን «ገበያ እንዴት ነው?» በለው። «ቀዝቅዟል» ካለህ ገዢ ጠፍቷል። «ቀዝቃዛ ልጅ ነው» የተባለውንም ማንም አይፈራውም፤ «ኧረ ነቃ በል» ይሉታል እንጂ። አንተ ደግሞ የፈለግከው እንዲያስፈራ ነው። ቃሉ የመጣብህ ከእንግሊዝኛ የስለላ ልቦለድ ይመስለኛል። ኢያን ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው የመጀመሪያው የጄምስ ቦንድ መጽሐፍ፣ አንዲት ሴት ስለ ቦንድ መልክ ስታወራ ቅዝቃዜንና ጭካኔን አንድ ላይ ታነሳለች። በእነሱ ቋንቋ ቅዝቃዜ ርኅራኄ ማጣትም ነው። የእኛ ቅዝቃዜ እዚያ አይደርስም። እኛ «ጨካኝ»፣ «ልበ ደንዳና» ነው የምንለው።

ታዲያ ዓይኑን ምን እናድርገው? እኔ ብሆን ቅጽሉን ትቼ ግስ እፈልግ ነበር። አማርኛ የዓይን ግስ ሞልቶታል። ገረመመ ካልክ ቂም አለበት። ገላመጠ ካልክ ቁጣ አለበት። አፈጠጠ ካልክማ ሰላይህ ተነቃበት። ለእሱ የሚሆነው ቃኘ ነው። የወሎ ሰው ይህን ቃል ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ባቲና አምባሰል የአገርህ ስሞች ናቸው፣ ቅኝቶችም ናቸው። ክራር የሚቃኝ ሰው አይተህ ከሆነ አስታውሰው። አንዱን ክር ነካ ያደርጋል፣ ያዳምጣል፣ ጠበቅ ወይም ላላ ያደርገዋል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። አይቸኩልም። በጦር ቋንቋም ቃኚ ቀድሞ ሄዶ የጠላትን ሁኔታ የሚያይ ነው። ሰላይህ እንዲህ ይይ።

«ቄንጠኛ»ን ግን እንደገና አስብበት። እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል። የቶሳ ተራራ ብርድ በወረደበት ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ሳለ፣ ሽክ ብሎ ፒያሳ የቆመ ሰው ሊስትሮው ሳይቀር መልኩን ይይዘዋል። እንዲህ ብትሞክረውስ? «ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ተቀመጠ። ሻይ ቀረበለት፤ አልነካውም። ፒያሳን ከዳር እስከ ዳር ቃኘ። ከጋቢው ሥር የሚታየውን ጫማ ጭቃ አልነካውም።» ቄንጡ ጫማው ላይ አለ። ቁመቱን መናገር እንኳ አላስፈለገኝም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስመጣ፣ ተራኪው ሰላይ ይበለው። ጆሮ ጠቢ የንቀት ቃል ነው፤ የሚያምረው የሚጠሉት ሰዎች አፍ ላይ ነው። ሻይ የምታቀርበው ልጅ ወደ ጓደኛዋ ጠጋ ብላ «ዝም በይ፣ ጆሮ ጠቢ ነው» ስትል አስገባው።