መጋዘኑን ለስደተኞች መኖሪያ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ለስደተኛ ቤተሰቦች ጊዜያዊ ማረፊያ የሚሆን 12 በ20 ሜትር መጋዘን አገኘን። ስንት ሰው ይይዛል? እንዴትስ እንከፋፍለው?

መልስ፦ 240ን ለ3.5 አካፍላችሁ 68 ሰው ይገባል እንዳትሉ። ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ የሚባለው ልክ የመኖሪያና የመኝታው ብቻ ነው፤ መተላለፊያ፣ ማብሰያና መታጠቢያ ሲቀነስ ከ40 ሰው ባታሳልፉ ይሻላል። መጸዳጃ ለ20 ሰው አንድ፣ የሴትና የወንድ ተለይቶ።

ዋናው ስህተት አጭር ግድግዳ ነው። በርሊን፣ በቀድሞው ቴምፐልሆፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ስደተኞች ያረፉባቸው ክፍሎች ከላይ ክፍት ነበሩ፤ የአንዱ ሕፃን ልቅሶ ለጎረቤቱ ሁሉ ይሰማ ነበር። በቺፑድ ስትከፍሉ ለየክፍሉ ኮርኒስ አልብሱለት፤ አየር እንዲገባ ከበሩ በላይ ወንፊት ያለው ክፍተት ተዉ። የመብራት ማጥፊያውም በየክፍሉ ይሁን፤ ሰው መብራቱን ራሱ አጥፍቶ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ይተኛ።