ጥያቄና መልስ፦ ለሥራ የሚያዝ ርካሽ ሰንጢ

በዚህ ወር ስለ ሰንጢ ከጻፉልን አንባቢዎች አብዛኞቹ የሚያነሱት የፈረንሳዩን ባለ እንጨት እጀታ ኦፒኔል ነው። እኛ አገር ሰንጢ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው የመንደር ጠብ ቢሆንም፣ የጠያቂዎቻችን ጉዳይ ገመድ፣ ካርቶን እና የምሳ ዳቦ ነው።

«ሊዮን ውስጥ አትክልተኛ ነኝ። ባልደረቦቼ ሁሉ ኦፒኔል ይይዛሉ። ልገዛ ሄጄ ቁጥሩም ዓይነቱም ግራ አጋባኝ። የቱ ይሻለኛል?»

ቁጥር 8ን ይውሰዱ፤ ዝገት የማይነካውን። ስለቱ ላይ «ኢኖክስ» ተብሎ የተጻፈበት እሱ ነው። ከ10 እስከ 15 ዩሮ አካባቢ ያገኙታል። ቁጥሩ መጠኑን ነው የሚነግርዎት፤ የቁጥር 6 ስለት 7 ሴንቲሜትር፣ የቁጥር 8 ደግሞ 8.5፣ የቁጥር 10 ደግሞ 10 ሴንቲሜትር ነው። ቁጥር 11ን ግን አይፈልጉ፤ ከ1 እስከ 12 ከነበሩት መጠኖች ቁጥር 1 እና 11 መሠራታቸው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቀርቷል።

ካርቦን የሚባለው ዓይነት ቶሎ ይሳላል፤ ግን እርጥብ ግንድ ቆርጠው ሳይጠርጉት ካጠፉት በማግስቱ ዝጎ ያገኙታል። ለአትክልት ሥራ ኢኖክስ የሚሻለው ለዚህ ነው።

አንገቱ ላይ ያለው ቀለበት ከ1955 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተጨመረ መቆለፊያ ነው። ከከፈቱ በኋላ ካላዞሩት፣ በጫፉ ሲጫኑ ስለቱ ተመልሶ ጣትዎ ላይ ይታጠፋል። ደግሞም ፈረንሳይ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት ስለት ይዞ መንቀሳቀስ ያስጠይቃል። ሥራ በቂ ምክንያት ነው፤ ቅዳሜ ማታ ካፌ መግባት ግን አይደለም።

«ሲያትል ነው የምኖረው። ዝናብ የመታው ሰንጢዬ አልከፈት ብሎኛል። ጥፍሬ ሊሰበር ነው። ተበላሸ ማለት ነው?»

አልተበላሸም፤ አብጦ ነው። እጀታው የቢች እንጨት ስለሆነ ውኃ ይጠጣል። ማጠፊያው አካባቢ ያለው እንጨት ሲያብጥ ወደ ውጭ እንዳይሰፋ አንገቱን የከበበው ብረት ይይዘዋል። ስለዚህ ወደ ውስጥ ይገፋና ስለቱን አንቆ ያስቀረዋል።

በፒንሳ አይጎትቱት፤ ይቧጨራል፣ ካመለጠዎትም እጅዎን ይቆርጣል። ሰንጢው በተወለደበት በፈረንሳይ የሳቮይ ተራሮች የቆየ ዘዴ አለ። ቀለበቱን ወደ መክፈቻው ያዙሩና የእጀታውን ጭራ ጠንካራ እንጨት ላይ መታ መታ ያድርጉ። የስለቱ ጫፍ ትንሽ ብቅ ይላል፤ ያኔ ጀርባውን በሁለት ጣት ይዘው ያውጡት።

ከዚያ ተከፍቶ ሁለት ሦስት ቀን ክፍል ውስጥ ይድረቅ። ማሞቂያ ላይ አያስቀምጡት፤ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ከደረቀ በኋላም የሚጠብቅ ከሆነ ስለቱን በወፍራም ፕላስተር ይጠቅልሉ፣ ቀለበቱን ይቆልፉ፣ ቁጥር 180 ብርጭቆ ወረቀት በአሮጌ የባንክ ካርድ ላይ አጥፈው ስለቱ ሲታጠፍ የሚገባበትን ቦይ ግድግዳ በጥቂቱ ይፋቁ። አምስት ስድስት ጊዜ ፈገፈግ፣ ከዚያ ሙከራ። ብዙ ከፋቁ በበጋ እንጨቱ ሲሸሽ ስለቱ ይንገዋለላል፤ ማጠፊያው ደግሞ በብሎን ሳይሆን በተቀጠቀጠ ምስማር የተያዘ ስለሆነ በመፍቻ አይጠብቅም።

ዘላቂው መፍትሔ ውኃ እንዳይገባ ማድረግ ነው። ማጠፊያው ላይ ቫዝሊን ይጠቅጥቁና የፀጉር ፎን ያዙበት። ቫዝሊኑ ቀልጦ እንጨቱ ውስጥ ሲሰርግ ያያሉ፤ መስረግ እስኪያቆም ድረስ ይጨምሩ፣ የተረፈውን ይጥረጉ። የቀረውን እጀታ የተልባ ዘይት ይቀቡት። በስሱ ቀብተው ከ20 ደቂቃ በኋላ የቀረውን በጨርቅ ያንሱ፤ ሲደርቅ ይድገሙት። ለእንጨት የሚሸጠው «የተቀቀለ» የተልባ ዘይት በአንድ ቀን ገደማ ይደርቃል፤ ማድረቂያ ኬሚካል ሊኖረው ስለሚችል ወደ ማብሰያ ቤት አያስገቡት። ለምግብ የሚሸጠውም ይሆናል፤ ግን ለመድረቅ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የሱፍ ዘይት አይጠቀሙ፤ እጅ ላይ ይጣበቃል።

አንድ ነገር በጣም ይጠንቀቁ። የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨምድደው ቆሻሻ ውስጥ አይጣሉት። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጨመደደ ጨርቅ ሙቀቱን አምቆ ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ውጭ ዘርግተው ያድርቁት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ነክረው ያስወግዱት።

«ካርቦኑን ገዝቼ በመጀመሪያው ቀን ሎሚ ብቆርጥበት ጠቆረ። ልመልሰው?»

አይመልሱት። ግራጫና ሰማያዊ ጥላ የካርቦን ብረት ወዝ ነው፤ ዝገትንም በመጠኑ ያዘገያል። መፍራት ያለብዎት ቀዩን ነው፤ ጣት ላይ ቡናማ ዱቄት የሚተወውን። እሱን በዘይት በነከሩት በጣም ደቃቅ የብረት ሱፍ ይፈትጉ። ከዚያ በኋላ በቆረጡበት ቁጥር ወዲያው መጥረግ፣ ለረጅም ጊዜ ሲያስቀምጡት ደግሞ ከፋርማሲ የሚገዛ የፓራፊን ዘይት አንድ ጠብታ ማስነካት ይበቃል።

«ሪያድ ውስጥ ሹፌር ነኝ። ሞረድ የለኝም፤ ሰንጢዬ ግን ቲማቲም እንኳን አልቆርጥ ብሏል።»

ወፍራም የሸክላ ኩባያ ይገልብጡ። ሥሩ ላይ ያለው ያልተወለወለ ሻካራ ቀለበት ጥሩ መሳያ ነው፤ የቡና ሲኒም በግድ ያገለግላል፣ ቀለበቱ ጠባብ በመሆኑ ግን ያድጣል። ውኃ ያስነኩት። ስለቱን ያስተኙና ጀርባውን 6 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ያድርጉ፤ ለቁጥር 8 ይህ ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል። ከሥሩ እስከ ጫፉ፣ ስስ ነገር የሚገፍፉ ይመስል ጠርዙን አስቀድመው በቀላሉ ይሳቡት። አንዱን ወገን ብቻ አሥር ጊዜ ካደረጉ በኋላ በሌላኛው ወገን ጣትዎን ከጀርባው ወደ ጠርዙ አሻግረው ቢነኩት ቀጭን ሻካራ መስመር ይሰማዎታል። ካልተሰማዎት ጠርዙ ጋ አልደረሱም ማለት ነው፤ ይቀጥሉ። ሲሰማዎት ወገኑን ይቀይሩ። መጨረሻ ላይ ግራና ቀኝ እያፈራረቁ በጣም ቀለል አድርገው አምስት ጊዜ፣ ከዚያ በቆዳ ቀበቶ ውስጠኛ ፊት ላይ ወደ ኋላ ብቻ እየጎተቱ ያጽዱት። ብዙዎች የሚሳሳቱት እጃቸው ሲደክም ጀርባውን ከፍ ስለሚያደርጉ ነው፤ ያን ጊዜ ጠርዙ ይድቦለቦላል።

ኩባያ የዶለዶመውን ይመልሳል እንጂ የተሸረፈውን አያስተካክልም። ለሱ 400 እና 1000 ቁጥር የመሳያ ድንጋይ ይፈልጋሉ።

«ቨርጂኒያ መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ካርቶን እከፍታለሁ። ሰንጢ ይሻለኛል ከተር?»

ከተር። ካርቶን ስለት ይበላል፤ የሰንጢን ስለት በየማታው ከመሳል የከተርን ምላጭ መቀየር ይቀላል። ሰንጢው ለገመድና ለፕላስቲክ ማሰሪያ ይሁን። የተወጠረ ማሰሪያ ሲቆርጡ ግን ፊት ለፊቱ አይቁሙ፤ ሲበጠስ ዓይን ያወጣል። ስለቱ ላይ የቀረውን የፕላስተር ሙጫ በጥፍር አይፋቁት፤ አልኮል ያነሳዋል።

«ለንደን ውስጥ መያዝ ይፈቀዳል?»

ያለ ምክንያት የሚፈቀደው የሚታጠፍ፣ የማይቆለፍ፣ ስለቱ ከ7.62 ሴንቲሜትር (3 ኢንች) የማይበልጥ ብቻ ነው። ኦፒኔል ከቁጥር 6 ጀምሮ ይቆለፋል፤ ስለዚህ ቁጥር 6 አጭር ቢሆንም አያልፍም። ከቁጥር 2 እስከ 5 ያሉት ቀለበት የላቸውም፤ ቁጥር 5 ስለቱ 6 ሴንቲሜትር ነውና እሱን ይያዙ። ለሥራ የሚቆለፍ ካስፈለገዎት በሥራ ቦታ ይቀመጥ፤ መኪና ውስጥ ረስተውት ቢገኝ «ረሳሁት» ማለት አያድንም።

«አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። በሱ ሽቦ ብልጥስ?»

መብራቱ ጠፍቶ፣ በመፈተሻ ተረጋግጦ ከሆነ ይላጣል፤ ስለቱን አስተኝተው በሽቦው ርዝመት ያስኪዱት እንጂ ዙሪያውን አይቁረጡ፤ መዳቡ ከተጫረ ሲታጠፍ እዚያው ላይ ይሰበራል። ኃይል ያለበት ሽቦ ላይ ግን ፈጽሞ አይሞክሩት። እጀታው እንጨት ቢሆንም አንገቱ ብረት ነው፣ የማጠፊያውም ምስማር ከግራ ቀኝ ያልፋል፤ ጣትዎ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ለዚያ ሥራ 1000 ቮልት የሚል ምልክት ያለበትን ልዩ ቢላ ይግዙ።