የቤታችሁን ዕዳ ቶሎ መጨረስ ለምትፈልጉ ልጆች

ልጆች፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የወገኖቼን ታክስ ስሠራ ፀጉሬ ሸብቷል። በየዓመቱ የታክስ ሰሞን፣ ባንኩ የላከውን የወለድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው «ዓመቱን ሙሉ ከፍዬ ዕዳዬ የቀነሰው ይቺ ብቻ ናት?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እናንተ ቤት ልትገዙ ስታስቡ ወይም ቁልፍ በተቀበላችሁ ሰሞን መልሱን ብታውቁት ይሻላል።

300,000 ዶላር በ6.5 በመቶ ቋሚ ወለድ ለ30 ዓመት የተበደረ ሰው፣ የቤት ግብርና ኢንሹራንስ ሳይታሰብ፣ በወር 1,896 ዶላር ግድም ይከፍላል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ 1,625ቱ ወለድ ነው፤ ከዋናው ዕዳ የሚነሳለት 271 ብቻ። በዓመቱ መጨረሻ ከ22,700 ዶላር በላይ ከፍሎ ዕዳው የቀነሰለት 3,350 ያህል ነው። ለዋናው የሚሄደው ከወለዱ መብለጥ የሚጀምረውም ከ19 ዓመት በኋላ ነው። ይኸው ሂሳብ ግን ለእናንተም ይሠራል። ያው ሰው ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ 200 ዶላር ቢጨምር፣ በ23 ዓመት ገደማ ይጨርሳል፤ ከ100,000 ዶላር በላይ ወለድም ይቀርለታል።

ሁለት መቶው ከየት ይምጣ? እኔ እስከማየው ድረስ ቶሎ የሚጨርስና የማይጨርስ ሰው የሚለየው ቤቱን የሚገዛ ዕለት ነው። ባንኩ የሚያየው ታክስ ያልተቆረጠበትን ደመወዛችሁን፣ የመኪናና የክሬዲት ካርድ ዕዳችሁን ነው። አዲስ አበባ ያሉትን እናታችሁን፣ የምታስተምሩትን ወንድማችሁን፣ የእድሩን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ወይም የመስጊዱን መዋጮ አያውቅም። «450,000 ተፈቀደልኝ» ብሎ የ450,000 ቤት የሚገዛ ልጅ በጀቱን ለባንክ ሠራተኛ አስረክቧል። ይባስ ብሎ ኦቨርታይሙ ገብቶ ከተሰላለት፣ ድርብ ሺፍቱ የቀረ ወር ምን ሊሆን ነው?

አንድ ባልና ሚስት ደንበኞች አሉኝ። እሱ ኡበር ይነዳል፣ እሷ ነርስ ናት። ታውን ሃውሳቸውን ሲገዙ የወር ክፍያው በእሷ ደመወዝ ብቻ እንዲቻል አድርገው ነበር። ጓደኞቻቸው ትልልቅ ቤት ሲገዙ «እናንተ ምን ሆናችሁ?» ተብለዋል። በጀታቸውን አሳይተውኛል፤ ከኤሌክትሪክና ከአስቤዛ ቀጥሎ «አገር ቤት» የሚል መስመር አለ፣ 400 ዶላር። ከዚያ ያለፈ ጥያቄ በስልክ ሲመጣ እሷ «የዚህ ወር አልቋል፣ ለሚቀጥለው ተራ ያዝ» ትላለች። መጀመሪያ ዘመድ አኩርፏል። ኋላ ለመዱት፤ እንዲያውም ተራ ለመያዝ ቀድመው መደወል ጀመሩ። ለሞትና ለሕመም ደግሞ ለብቻ ያስቀምጣሉ። ወደ ቤተሰብ መላክ አቁሙ የሚል ምክር ከፈረንጅ የበጀት አስተማሪ ትሰሙ ይሆናል፤ አትስሙት። ገንዘቡ ስምና ልክ ይኑረው እንጂ አይቁም።

አከፋፈሉ ላይ ተጠንቀቁ። ተጨማሪውን ስትልኩ «ለፕሪንሲፓል ብቻ»፣ ማለትም ለዋናው ዕዳ ብቻ፣ ብላችሁ ለዩት፤ ካልለያችሁት አንዳንዱ ድርጅት ለሚቀጥለው ወር እንደ ቅድሚያ ክፍያ ይይዘዋል። በሚቀጥለው ስቴትመንት ላይ ዋናው ዕዳ በዚያው ልክ መቀነሱን በዓይናችሁ እዩ። በየሁለት ሳምንቱ እናስከፍልላችኋለን እያሉ የአገልግሎት የሚያስከፍሉም አሉ። የሚያደርጉት በዓመት አንድ ተጨማሪ ክፍያ ማስከፈል ነው፤ የወር ክፍያችሁን ለ12 አካፍላችሁ በየወሩ ብትጨምሩ ያው ነው፣ ያለ ምንም ኮሚሽን።

እቁብ የደረሳችሁ ወር ደግሞ መኪና የምትቀይሩበት ወር አይደለም። ሃያ ሰው በወር ሺህ ሺህ ዶላር ቢጥል የሚወጣው 20,000 ነው፤ እሱ በአንድ ጊዜ ዋናው ላይ ቢያርፍ የስንት ዓመት 271 እንደሆነ አስሉት። ዳውን ፔይመንታችሁ (ስትገዙ ከኪሳችሁ ያስቀደማችሁት) ከ20 በመቶ በታች ከነበረና ብድሩ መደበኛ ከሆነ፣ ዕዳው ቤቱ በተገዛበት ዋጋ 80 በመቶ ላይ ሲደርስ እናንተ እየከፈላችሁ ባንኩን የሚጠብቀው፣ ፒኤምአይ የሚባለው ኢንሹራንስ እንዲነሳ በጽሑፍ ጠይቁ። ዝም ካላችሁ 78 በመቶን ይጠብቃሉ። ከ10 በመቶ በታች አስቀድማችሁ በኤፍኤችኤ፣ ማለትም መንግሥት ዋስ በሚሆንበት ብድር፣ የገዛችሁ ግን፣ ብድሩን ካልቀየራችሁ የኢንሹራንሱ ክፍያ እስከ መጨረሻው አይነሳም።

ቤዝመንት ማከራየት ለብዙ ወገን ቤት አስጨርሷል። የካውንቲውን ፈቃድ አውጡ፣ ኪራዩንም ታክስ ላይ አስመዝግቡ። «በካሽ ነው፣ ማን ያያል» የሚለኝን ሰው ወረቀት አልፈርምም።

መቸኮል የሌለባችሁም አላችሁ። የ20 ምናምን በመቶ ክሬዲት ካርድ ተሸክማችሁ የ6.5 በመቶውን አትቅደሙ። አሠሪያችሁ ለጡረታ የሚጨምርላችሁን ገንዘብ ሳትወስዱም እንዲሁ። በ2020 እና 2021 ከ3 በመቶ ባነሰ ወለድ የገዛችሁ ደግሞ ባትጣደፉ ይሻላል። ከሁሉም በፊት ግን የጥቂት ወራት ወጪ ባንክ ይኑራችሁ፤ ሥራ ሲጠፋ ባንኩ «ባለፈው ዓመት ብዙ ከፍለሃል» ብሎ አንድ ወር አያልፍላችሁም። «ወለዱ ታክስ ይቀንስልኛል» ለሚለኝም ያው መልስ ነው የምሰጠው፦ 22 በመቶ የታክስ እርከን ላይ ያለ ሰው 22 ሳንቲም ለማግኘት አንድ ዶላር ይከፍላል፤ እሱም ተቀናሹን ዘርዝሮ ካስገባ ነው፣ ከ2018 ወዲህ ደግሞ አብዛኛው አይዘረዝርም።

የጨረሳችሁ ዕለት የዕዳ መያዣው መሰረዙ ካውንቲው ዘንድ መመዝገቡን አረጋግጡ። ኤስክሮ ውስጥ፣ ማለትም ለቤት ግብርና ለኢንሹራንስ ከወር ክፍያችሁ ጋር እየተሰበሰበ በሚቀመጥበት ሂሳብ ውስጥ፣ የቀረውን ገንዘብ ከቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት ውጭ በ20 ቀን ውስጥ ሊመልሱላችሁ ይገባል። ከዚያ ወዲያ የቤት ግብሩም የኢንሹራንሱም ቢል በቀጥታ ለእናንተ ነው የሚመጣው፤ ሜሪላንድ ያላችሁ የግብሩን በሐምሌ ጠብቁ።