ሳትገዢው በፊት ጮክ ብለሽ አንብቢው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሰባት ዓመት የሞላውን ልጅሽን ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ቤት ውስጥ እያስተማርሽ ነው። መጽሐፍ ልትገዢለት ወጥተሽ ጥሩው የቱ እንደሆነ ግራ ገብቶሽ ባዶ እጅሽን ተመልሰሻል። አማርኛውን ላስቀድም ወይስ እንግሊዝኛውን ብለሽም ጠይቀሻል። እኔ ልጄን ሆምስኩል ማድረግ ከጀመርኩ ይኸው ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የምንኖረውም አራት ኪሎ ነው። ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ላይ መጽሐፍ የምመርጠው በዓይኔ ነበር። አንድ ቅዳሜ ብሔራዊ ትያትር አካባቢ ሄጄ ሽፋናቸው የሚያምር አሥር ቀጫጭን መጻሕፍት ገዛሁ። ቤት ገብተን ሦስቱን እንኳ አልጨረስንም። አንዱ ከሌላ ቋንቋ ቃል በቃል የተመለሰ ነው። ማሰሪያ አንቀጹ እስኪመጣ ድረስ ልጅቷ መጀመሪያውን ትረሳዋለች። ሌላው ደግሞ ምክር እንጂ ተረት አይደለም። ልጁ ጥርሱን አይቦርሽም፣ ጥርሱን ያመዋል፣ አለቀ። ልጄ "እማ፣ ታሪኩ መቼ ነው የሚጀምረው?" አለችኝ። እውነቷን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሳልገዛ በፊት እዚያው ቆሜ አንድ ገጽ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ሻጮቹም ለምደውኛል። ምላሴ ከተደናቀፈ ወይም "ሰው እንዲህ ብሎ አያወራም" ካልኩ መጽሐፉን እመልሰዋለሁ። ሳላስበው ድምፄን አወፍሬ አያ ጅቦን መሆን ካማረኝ እገዛዋለሁ። አባባ ተስፋዬን በቴሌቪዥን እየሰማን ያደግን ሰዎች ጥሩ ተረት ሲነበብ ጆሯችን ይለየዋል።

ጆሮ ጆሮ የምልበት ምክንያት አለኝ። ፊደላችን የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው ለይቶ አይጽፍም። "ገና" በዓሉም ነው፣ "ገና አልመጣም" የምንለውም ነው። "ይበላል" ሲላላ ልጁ ራሱ ይበላል፤ ሲጠብቅ ዳቦው ይበላል። ልጄ ከሀ እስከ ፐ 231ዱን ፊደል ለይታ ስታበቃ እንኳ እንዲህ ያለው ቃል ላይ ትቆም ነበር። እኔም ፊደል የጠፋት መስሎኝ ወደ ገበታው እመልሳት ነበር። የጠፋት ግን ፊደሉ አልነበረም። ቃሉ ይጥበቅ ይላላ የሚነግራት አረፍተ ነገሩ ነው። አረፍተ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ የሚገባት ደግሞ እንደዚያ ያለ አነጋገር ቀድማ ስትሰማ ከኖረች ነው። ስለዚህ አሁን መጀመሪያ እኔ አነብላታለሁ፣ እሷ ትከተላለች። በማግስቱ ያንኑ ገጽ ራሷ ታነበዋለች።

መጽሐፎቹን ለሁለት ክፈያቸው። አንደኛው ክምር ልጅሽ ራሱ የሚያነበው ነው። ፊደሉ ተለቅ ያለ፣ በገጹ ላይ ከሁለት አረፍተ ነገር ያልበለጠ ይሁን። በየቃሉ መሐል ሁለት ነጥብ ያላቸውን የድሮ ኅትመቶች ለጊዜው አቆዪአቸው፣ ዓይኑን ያደክሙታል። አንዱ መጽሐፍ "ፀሐይ"፣ ሌላው "ጸሐይ" ብሎ ሲጽፍ ግራ ከገባው ሁለቱም አንድ ናቸው በይውና እለፉት። ሁለተኛው ክምር አንቺ የምታነቢለት ነው። አንደኛ ክፍል ነው ብለሽ እዚህኛው ላይ አትቆጥቢ። ራሱ ሊያነበው ከሚችለው በብዙ የሚከብድ ታሪክ በጆሮው ይገባዋል።

ተረቶቻችን ለልጅ ይጨክናሉ የሚሉ ወላጆች አሉ። እኔ አልስማማም። ያቺን የጅቡንና የአህያዋን ተረት ታውቂያታለሽ። ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች ሆነው ከአንድ ወንዝ ይጠጣሉ። ጅብ "ውሃውን አደፈረስሽብኝ" ይላታል። እሷም "አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ" ትለዋለች። ልጄ ይህን ስትሰማ ብድግ አለች። "ውሃ እኮ ወደ ላይ አይሄድም!" ብላ ተቆጣች። በማግስቱ ጆግ ውሃ ይዘን ግቢ ወጣን። ደጃችን ትንሽ ተዳፋት ነው። ከላይ እያፈሰሰች ከታች አፈር በተነች። የደፈረሰው ውሃ ወደ ላይ እንደማይመለስ በዓይኗ አየች። የዚያን ቀን የሳይንስ ትምህርታችን ይኸው ሆነ። ከዚያ "ታዲያ ጅቡ ለምን ዋሸ?" አለችኝ። መልሱን አልነገርኳትም። ሳምንት ሳይሞላ የጎረቤት ልጅ ኳሷን ሊወስድባት ሰበብ ሲደረድር "አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ" ስትለው ሰማኋት። ስለዚህ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ "ከዚህ ተረት ምን እንማራለን?" የሚል ካለ እኔ እሱ ጋ ሳልደርስ ነው የምዘጋው። እሷ ራሷ ታግኘው።

ከመጽሐፍ ሁሉ የጠቀመን ግን የተገዛ አይደለም። አማቴ ከጎጃም መጥተው ክረምቱን እኛ ጋ ከረሙ። ማታ ማታ "ተረት ተረት" ሲሉ ልጅቷ "የላም በረት" ትላለች። እኔ ዝም ብዬ በስልኬ እቀዳለሁ። ቀን ላይ የተቀዳውን በትልልቅ ፊደል ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ እሷ ሥዕሉን ትሥላለች። በአያቷ ድምፅ ስለምታውቀው የሚጠብቀውም የሚላላውም ቃል አላስቸገራትም። ከዳር እስከ ዳር ብቻዋን ያነበበችው የመጀመሪያ መጽሐፍ ያ ደብተር ነው። እንቆቅልሽም ጨምረንበታል። "አገር ስጠኝ" የሚለው ላይ ስትደርስ ሁሌ ጎንደርን ነው የምታስመርጠኝ።

ገንዘብ ሳታወጪ መጀመር ከፈለግሽ በ2014 ዓ.ም የተከፈተው አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል አለው። ልጁን ይዘሽው ሂጂ፣ ራሱ ይምረጥ። አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባል ድረ ገጽ ላይም በየደረጃው የተዘጋጁ የአማርኛ ተረቶች በነፃ አሉ። ብዙዎቹ ትርጉም ናቸውና እነሱንም ጮክ ብለሽ ፈትኛቸው። የጆሮሽን ፈተና ያለፉትን ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሚያቸው።

እንግሊዝኛውን አልከለክልሽም፣ እኛም ከሰዓት በኋላ ትንሽ እናነባለን። ጠዋት ግን የአማርኛ ነው። ተረት እንዴት እንደሚሄድ በአማርኛ የገባው ልጅ በእንግሊዝኛም ቀጥሎ የሚመጣውን ሲገምት አይቻለሁ።

አያት ካላችሁ ዛሬ ማታ ስልክሽን ይዘሽ አጠገባቸው ቁጭ በይ። ከሌሉም የእኛን ደብተር ኮፒ አድርጌ እሰጥሻለሁ። አራት ኪሎ ስትመጪ ብቻ ንገሪኝ።